አራቱን ጠይቁ

ድሬዳዋ ላይ ሰም መቁረጥ ትዕግስት ይጠይቃል። ሰም የምለው ፓራፊኑን ነው። ከታማሚ የተወሰደ ቁራጭ ሰም ውስጥ ይቀበርና በሁለት ጣት የሚያዝ ብሎክ ይሆናል። እኔ ብሎኩን ማይክሮቶም በሚባለው የመቁረጫ መሣሪያ ላይ አስሬ 3 ወይም 4 ማይክሮን ውፍረት ያለው ቅጠል አወጣለሁ። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ናት። ሰሙ ካልቀዘቀዘ ይጨማደዳል፤ ስለዚህ በረዶ ላይ አስተኝቼው ነው የምቆርጠው። ግንቦት ላይ በረዶውም አይበቃም። ቬንትሌተር ልክፈት ብል ቅጠሉን አንስቶ ይወስድብኛል። ላቤ እየተንጠባጠበ፣ ትንፋሼን ይዤ እቆርጣለሁ። ሐረር የምትሠራ ጓደኛዬ «የእኛ ሰም ጨዋ ነው» እያለች ታበግነኛለች። እውነቷን ነው። እነሱ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፣ እኛ 1,200 ገደማ። ወደ ሐረር ደንገጎን ስትወጡ የሚቀበላችሁ ነፋስ ለሰምም ይስማማዋል።

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት አይሆንልኝም። ሰፈር ውስጥ «ላብራቶሪ ነው የምትሠራው» ሲባል ሁሉም የሚያስበው ደምና ሽንት ነው። የካንሰር ውሳኔ ከአንዲት ቁራጭ ቲሹ እንደሚነሳ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ዛሬ ስለ ትልቁ አንጀት ካንሰር ልጻፍ። ከዕጢው የተቆረጠ ቲሹ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ስለ በሽታው አካሄድ ምን ይነግሩናል? የትኞቹስ ገንዘብ ከመብላት ያለፈ ነገር የላቸውም? ሐኪም አይደለሁም። የሂስቶሎጂ ቴክኒሻን ነኝ። ግን ቁራጩ ሁሉ በእጄ ያልፋል።

መጀመሪያ ፕሮቲን ያልሆነውን ላስቀድም። ታማሚው ወደፊት ምን እንደሚገጥመው ለመገመት እስካሁን ትልቁ መረጃ የድሮው ነው። ዕጢው የአንጀቱን ግድግዳ ምን ያህል ዘልቋል? ሊምፍ ኖድ ውስጥ ገብቷል ወይ? በ1932 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) ካትበርት ዱክስ የሚባል እንግሊዛዊ ፓቶሎጂስት (ቲሹን በማይክሮስኮፕ አይቶ በሽታውን የሚለይ ሐኪም) የፊንጢጣ ካንሰርን ኤ፣ ቢ፣ ሲ ብሎ የከፈለው በእነዚሁ ሁለት ጥያቄዎች ነበር። ዛሬ ሐኪሞች «ስቴጅ» የሚሉት ነገር ጉበትና ሳንባን፣ ሌላም ሌላም ጨምሮ ከዚያ ላይ ያደገ ነው።

ሊምፍ ኖድ ሰዉ ንፍፊት የሚለው ነው። ከአንጀቱ ጋር ተቆርጦ በሚወጣው ስብ ውስጥ ተደብቆ ይመጣል። ቢያንስ 12 ተገኝቶ መመርመር አለበት። ከዚያ ካነሰ «ንፍፊት ውስጥ ካንሰር የለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር እምነት አይጣልበትም። ካልተገኘው ውስጥ ሊኖር ይችላላ! አንዳንዱ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ናት። ስቡን በጣት እያሹ፣ እየቆራረጡ መፈለግ ነው። ፓቶሎጂስታችን ጓንቱን አድርጎ እዚህ ስብ ላይ ከተቀመጠ ሻይ ይቀዘቅዝበታል። ሪፖርቱ ላይ የሚወጣው ግን አንዲት መስመር ናት፤ ማንም አያመሰግነውም። አንዳንዴ ከሌላ ቦታ የመጣ ሪፖርት አያለሁ። ውድ ውድ የፕሮቲን ምርመራ ታዟል፤ ንፍፊቱ ግን አራት ብቻ ተቆጥሯል። ያኔ ደሜ ይፈላል። ከመሠረቱ በፊት ጣሪያው።

ወደ ፕሮቲኑ እንምጣ። ተራው ቀለማችን ሰማያዊና ሮዝ ነው፤ ሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን። የሴሉ ቅርጽ በደንብ ይታይበታል። የትኛው ፕሮቲን አለ፣ የትኛው የለም የሚለውን ግን አያሳይም። ለዚያ ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ የሚባል ዘዴ አለ። ረጅም ስለሆነ «ኢሚዩኖ» ብለን እናሳጥረዋለን። አንድን ፕሮቲን ብቻ ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ስላይዱ (ቅጠሉ የተለጠፈበት መስታወት) ላይ ይጨመራል። የያዘበት ቦታ በሌላ ኬሚካል ቡናማ ሆኖ ይገለጣል። ፕሮቲኑ የሌለበት ሴል ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ነገሩን የጀመረው አልበርት ኩንስ ነው፤ በ1941 አንቲቦዲ ላይ የሚያበራ ቀለም አያያዘ። በ1975 ኮህለርና ሚልስታይን አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ እንደልብ የሚመረትበትን መንገድ አገኙ። ይህ በ1984 ኖቤል አስገኝቶላቸዋል።

አንድ ችግር ግን ቀረ። ፎርማሊን ቲሹውን ከመበስበስ የሚያድነው ፕሮቲኖቹን እርስ በእርስ አስሮ ነው። የታሰረውን ደግሞ አንቲቦዲው አይደርስበትም። በ1991 ተመራማሪዎች ስላይዱን በማይክሮዌቭ አሙቀው እስሩን ፈቱት። አዎ፣ ያው የምግብ ማሞቂያው። ዛሬም ያለ ሙቀት አብዛኛው ኢሚዩኖ አይሠራም።

እኛ ጋ ኢሚዩኖ የለም። ብሎኩን ወይም ያልተቀባ ስላይድ ወደ አዲስ አበባ እንልካለን። ስላይድ የሚልክ ካለ ቻርጅድ በሚባለው ላይ ይለጥፍ። ተራው ስላይድ ላይ ያለ ቅጠል ሲሞቅ ተነስቶ ይሄዳል፤ ብርም አብሮት ይሄዳል።

እንግዲህ አራቱ። ስማቸው የመኪና ታርጋ ይመስላል፤ ኤምኤልኤች1፣ ፒኤምኤስ2፣ ኤምኤስኤች2፣ ኤምኤስኤች6። ሥራቸው ጥገና ነው። ሴል ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤውን ይገለብጣል። ሲገለብጥ ይሳሳታል። አራቱ ስህተቱን አግኝተው ያስጠግናሉ። ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚሠሩት፤ ኤምኤልኤች1 ከፒኤምኤስ2፣ ኤምኤስኤች2 ከኤምኤስኤች6። ጥንዶቹ ግን እኩያ አይደሉም። እኛ ድሬዎች የምናውቀውን ፈረስና ጋሪ አስቡ። ፈረሱ ከሌለ ጋሪው አይንቀሳቀስም፤ ጋሪው ቢሰበር ግን ፈረሱ አለ። ኤምኤልኤች1 ሲጠፋ ፒኤምኤስ2 ብቻውን አይቆምም፣ አብሮ ይጠፋል። ፒኤምኤስ2 ሲጠፋ ግን ኤምኤልኤች1 በቦታው ይኖራል። በሁለተኛው ጥንድ ፈረሱ ኤምኤስኤች2 ነው። ኤምኤልኤች1 ጠፍቶ ፒኤምኤስ2 አለ የሚል ውጤት ከመጣ ፓቶሎጂስቱ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ስላይዱን ነው።

ከ100 የትልቁ አንጀት ካንሰሮች ወደ 15 የሚሆኑት ይህ ጥገና የጠፋባቸው ናቸው። ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ከተሰራጩት መሃል ስንቆጥር ግን 5 ገደማ ብቻ ይሆናሉ። ቁጥሩ ለምን ወረደ? እነዚህ ዕጢዎች የመሰራጨት ዝንባሌያቸው ዝቅተኛ ነው። ምክንያቱ ደስ ይላል። ስህተት የሚጠግንለት የጠፋ ሴል ስህተት ያከማቻል። ከስህተቱ ብዛት ሰውነት አይቶት የማያውቀውን ፕሮቲን ይሠራል። የሰውነት መከላከያ ደግሞ እንግዳ ነገር ሲያይ አያልፍም። በተራው ቀለም እንኳ ይታያል፤ ዕጢው መሃል ትንንሽ ክብ ሊምፎሳይቶች፣ ማለትም የመከላከያ ሴሎች፣ ተሰግስገው። እኔ ፓቶሎጂስት ባልሆንም ስላይዱን ስመለከት «ይሄኛው አራቱን ሳይጠየቅ አይቀርም» እላለሁ።

አንድ የሐረር ልጅ አለ። ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ። አባቱ ነጋዴ ናቸው፣ ገና ስድሳ አልሞላቸውም። ድካም ነበራቸው። ሽንት ቤት ሲቀመጡ አንዳንዴ ጠቆር ያለ ደም ያያሉ። «ኪንታሮት ነው» አሏቸው። መቼም በእኛ አገር ከወገብ በታች የወጣ ደም ሁሉ ኪንታሮት ነው። በየኤሌክትሪክ ፖሉ «ኪንታሮትን ከነሥሩ እንነቅላለን» የሚል ወረቀት ከስልክ ቁጥር ጋር ተለጥፏል። እሳቸውም ቅባቱን ተቀቡ፣ ሥሩን ጠጡ። ድካሙ ሲብስ ደም ተመረመሩ፤ ሄሞግሎቢናቸው ወርዷል። አንድ ጎበዝ ጠቅላላ ሐኪም «በዚህ ዕድሜ ወንድ ልጅ ያለ ምክንያት ደም አያንሰውም» ብሎ ኮሎኖስኮፒ (በፊንጢጣ በኩል ካሜራ አስገብቶ አንጀቱን ማየት) አዘዘ። ያንን ሐኪም ሳላውቀው አከብረዋለሁ። ዕጢው በቀኝ በኩል ካለው ትልቁ አንጀት ላይ ተገኘ። ተቆርጦ ወጣ።

የወጣው አንጀት እኛ ጋ የመጣው በቀለም ባልዲ ነው። መምጣቱስ ባልከፋ። ግን አንጀቱ አልተከፈተም፤ ወዳጄ፣ ቱቦ እንደሆነ ነው የተነከረው። ፎርማሊኑም ግማሹን እንኳ አልሸፈነውም። ቅዳሜና እሁድ አድሯል። በድሬ ሙቀት!

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የፕሮቲን ምርመራ የሚበላሸው አዲስ አበባ ላይ በአንቲቦዲ ሳይሆን እዚህ በባልዲ ነው። ቲሹ ከሰውነት እንደወጣ መበስበስ ይጀምራል። የራሱ ኢንዛይም ራሱን ይበላል፤ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ፎርማሊን በሰዓት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። ስለዚህ አንጀቱ በርዝመቱ ተሰንጥቆ፣ ታጥቦ፣ ቶሎ መነከር አለበት። የፎርማሊኑ መጠን ከቲሹው 10 እጥፍ ይሁን ይባላል። ፎርማሊኑም 10 በመቶ፣ አሲድነቱ የተስተካከለ መሆን አለበት። ያልተስተካከለው ስላይዱ ላይ ጥቁር ቡናማ ቆሻሻ ይጥላል። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው መቀስ፣ ውሃና ሰፊ ዕቃ ነው። ትንንሹን ናሙና ደግሞ በሃይላንድ የሚልኩ አሉ። ለስላሳ ሆኖ በጠባቡ አፍ ይገባል፤ ፎርማሊን ካጠነከረው በኋላ አይወጣም። ጠርሙሱን በምላጭ እየሰነጠቅኩ ነው የማወጣው። እባካችሁ አፈ ሰፊ ዕቃ!

ከባልዲው ከወጣው አንጀት ብሎኮች ሠራን። ከዕጢው መሃል የተቆረጠውን ላክን። የመጣው መልስ «ሊነበብ አይችልም» የሚል ነበር። አራቱም ፕሮቲኖች ዕጢው ላይ አልታዩም። ግን ከዕጢው አጠገብ ያሉት ጤነኛ ሴሎችም ባዶ ነበሩ። ዋናው ነገር እዚህ ነው። አራቱ ፕሮቲኖች በጤነኛ ሴል ኒውክለስ ውስጥ አሉ፤ በሊምፎሳይቱም፣ በጤነኛው የአንጀት ሽፋንም። እነሱ ቡናማ ሆነው ዕጢው ሰማያዊ ከሆነ ፕሮቲኑ በእርግጥ የለም። ጎረቤቱም ሰማያዊ ከሆነ ግን ስለ ዕጢው የተነገረ ነገር የለም፤ ቲሹው ተበላሽቷል ማለት ብቻ ነው። ጎረቤቱን ሳያይ «የለም» ብሎ የሚጽፍ ሰው ቢያጋጥም ታማሚው የማይሠራለት ሕክምና ላይ ይወድቃል። ያ ባለሙያ «ሊነበብ አይችልም» ብሎ መጻፉ ጀግንነት ነው። ደንበኛ ያስቆጣል፣ ክፍያ ያከራክራል። ግን እውነቱ ያ ነው።

ፓቶሎጂስታችን ብሎኮቹን እንደገና አየ። ዕጢው ግድግዳውን ጥሶ ውጪ ካለው ስብ ጋር የተገናኘበት አንድ ብሎክ ነበር። በዚያ በኩል ፎርማሊኑ ከውጪ ቀድሞ ደርሷል። ሴሎቹ ጥርት ያሉ ናቸው። እሱን ላክን። እዚህ ላይ ለአንባቢ የሚሆን ነገር ልጨምር፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት በኮሎኖስኮፒ የተወሰደ ትንሽ ቁራጭ ካለ ለአራቱ ምርመራ ብዙ ጊዜ እሱ ይሻላል። ትንሽ ስለሆነ ፎርማሊን ቶሎ ይገባበታል። የዚህ ሰውዬ ቁራጭ ሌላ ቦታ ተሠርቶ ብሎኩ የት እንደገባ አልታወቀም። ስለዚህ ብሎክ የተሠራላችሁ ሰዎች፣ የፓቶሎጂ ቁጥራችሁን ከመታወቂያችሁ ጋር አስቀምጡ። በስንት ዓመቱም ቢሆን ብሎኩ ከተገኘ ሊመረመር ይችላል።

ልጁ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደወለ።

«እህቴ፣ ውጤቱ መጣ። ሁለቱ ጠፍተዋል ይላል። አባቴ አለቀለት ማለት ነው?»

«የትኞቹ ሁለቱ?»

አንድ በአንድ ፊደል እየጠራ አነበበልኝ። ኤምኤስኤች2 እና ኤምኤስኤች6። ፈረሱና ጋሪው። ጤነኞቹ ሴሎች ቡናማ ሆነዋል ተብሎም ተጽፏል። ደስ አለኝ፤ መጀመሪያ የተደሰትኩት በስላይዱ ጥራት መሆኑን ለልጁ አልነገርኩትም።

«ሐኪምህ ነው የሚያስረዳህ» አልኩት።

«ሐኪሙ ሰኞ ነው የሚገባው። አቦ ንገሪኝ፣ ዝም አትበዪ። ቤት ውስጥ እያለቀሱ ነው።»

ምን ላድርግ? ሰኞ ድረስ ለቅሶ ማስቀጠል ደግ አይደለም። የማውቀውን ነገርኩት፤ ሐኪሙም ሰኞ ዕለት ደገመለት። ንፍፊታቸው 14 ተቆጥሮ ሁሉም ነፃ ነው። የተዛመተ ነገር አልታየም። ይህ ሁለተኛው ደረጃ (ስቴጅ) ነው። በዚህ ደረጃ ላይ ሆኖ ጥገናው የጠፋበት ዕጢ ያለው ሰው ተስፋው ጥሩ ነው፤ ጥገናው ካለበት የተሻለ ነው። ሌላም አለ። ለአንጀት ካንሰር የተለመደው ኬሞ ፍሎሮዩራሲል ነው። በሁለተኛው ደረጃ ላይ ጥገናው ለጠፋበት ዕጢ ይህን መድኃኒት ለብቻው መስጠት ጥቅም እንደሌለው በ2003 እና በ2010 የወጡ ጥናቶች አሳይተዋል። ማለትም አራቱ ባይጠየቁ ኖሮ እኚህ ሰው ምናልባት ያለ ጥቅም ወራት ሙሉ ኬሞ ይወስዱ ነበር። ወደ አዲስ አበባ መመላለሱ፣ አልጋው፣ ማቅለሽለሹ፣ የሱቁ መዘጋት። የምርመራውን ዋጋ ከዚህ ጋር አስተያዩት።

የሰውነት መከላከያው ዕጢውን እንዲመታ ስለሚያደርገው ሕክምና፣ ስለ ኢሚዩኖቴራፒ ጠየቀኝ፤ ፌስቡክ ላይ አይቷል። በ2015 ፔምብሮሊዙማብ የሚባለው መድኃኒት ጥገናቸው በጠፋባቸው ዕጢዎች ላይ በተለይ እንደሚሠራ ታየ። በ2017 የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የዕጢውን አገር ሳይጠይቅ፣ አንጀትም ይሁን ማህፀን፣ በዚህ ምልክት ብቻ ፈቀደው። እንዲህ ያለ ፈቃድ የመጀመሪያው ነበር። በ2022 ደግሞ ጥገና የጠፋበት የፊንጢጣ ካንሰር የነበረባቸው 12 ሰዎች ዶስታርሊማብ የሚባል ሌላ ኢሚዩኖቴራፒ ብቻ ተሰጥቷቸው የሁሉም ዕጢ ከዓይን ጠፋ። 12 ከ12። ዜናውን ሳነብ ማይክሮቶሙ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ጮክ ብዬ «አረ!» አልኩ። ዋጋው ግን የእኛ ሰው የሚቀምሰው አይደለም። ለእሳቸው ደግሞ አላስፈለጋቸውም። ዕጢው ወጥቷል።

ከዚያ ልጁ፣ «ታዲያ ሌላ ፕሮቲን ላስጨምር? ፒ53 እና ኬአይ-67 የሚባል አለ ብለውኛል» አለኝ።

በዚህ ጉዳይ አቋም አለኝ። ፒ53 ትልቅ ፕሮቲን ነው፤ ከትልቁ አንጀት ካንሰሮች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ጂኑ ተበላሽቶ ይገኛል። ኬአይ-67 ስንት ሴል በመከፈል ላይ እንዳለ ያሳያል። ስለ ሁለቱ የተጻፈው ጥናት መጋዘን ይሞላል። አንዱ «ፒ53 የታየበት ቶሎ ይሞታል» ይላል፤ ሌላው «ልዩነት የለም» ይላል። አንቲቦዲያቸው የተለያየ ነው። አንዱ 10 በመቶ ሴል ከተቀባ «አለ» ይላል፣ ሌላው 50 ይላል። ታማሚዎቹ ጥቂት ናቸው። ውጤት ያላገኘው ደግሞ ጥናቱን ሳያሳትም መሳቢያ ውስጥ ይተወዋል። ነገሩ ስላስመረረ በ2005 ሪማርክ የሚባል መመሪያ ወጣ፤ እንዲህ ዓይነት ጥናት ምን ምን ሳይደብቅ መጻፍ እንዳለበት የሚዘረዝር። እስከ ዛሬ ፒ53ም ሆነ ኬአይ-67 የአንጀት ካንሰር ታማሚን ሕክምና የሚቀይሩ አይደሉም። «አታስጨምር» አልኩት። «ብሩን ለመንገድ አስቀምጠው።»

ሁሉም ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ሲዲኤክስ2 የሚባለው የአንጀት ሴል አንጀትነቱን እንዲጠብቅ የሚያደርግ ፕሮቲን ነው። በ2016 የወጣ ትልቅ ጥናት ይህ ፕሮቲን የጠፋበት ዕጢ አካሄዱ መጥፎ እንደሆነ አሳየ። ግን አራቱ በጠፉባቸው ዕጢዎች ላይም ሲዲኤክስ2 ብዙ ጊዜ ይጠፋል፤ ስለዚህ ለብቻው ከተነበበ ያሳስታል። ሄር2 ደግሞ የጡት ካንሰር ላይ የምናውቀው ነው። ከተዛመቱ የአንጀት ካንሰሮች ጥቂቱ፣ ከ100 ሦስት ገደማ፣ በብዛት ይዘውት ይገኛሉ፤ የሚመታው መድኃኒትም አለ። ልቤን የሚስበው ግን የሊምፎሳይቱ ቆጠራ ነው። ሲዲ3 እና ሲዲ8 የሚባሉትን ፕሮቲኖች ቀብተው፣ በዕጢው መሃልና ጠርዝ ላይ ስንት የመከላከያ ሴል እንደቆመ ይቆጥራሉ። ፈረንሳዊው ዤሮም ጋሎን በ2006 ጀመረው፤ በ2018 ከ2,500 በላይ ታማሚዎች ላይ ተፈትኖ ጸና። ብዙ ሴል ያለበት ዕጢ የመመለስ ዕድሉ ያንሳል። ስላይድ የሚያነሳ ስካነርና ሶፍትዌር ይፈልጋል፤ እኛ ደግሞ ለማይክሮቶም ምላጭ ነው ደብዳቤ የምንጽፈው። አንድ ቀን።

እንዳልረሳው፤ ሲኢኤ የሚባለው የደም ምርመራም ታሪኩ ከቲሹ ነው። ጎልድና ፍሪድማን የሚባሉ የካናዳ ተመራማሪዎች በ1965 ከአንጀት ካንሰር ቲሹ ውስጥ ያገኙት ፕሮቲን ነው። ዛሬ ከቀዶ ጥገና በኋላ በሽታው መመለስ አለመመለሱን ለመከታተል በደም ይለካል። ይህን አድርጉ የተባለ ሰው እንዳይተወው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ኤምኤልኤች1 ቢሆን የጠፋው፣ አብዛኛውን ጊዜ ጂኑ በዕድሜ ብዛት ስለተዘጋ ነው፤ ውርስ አይደለም። ያንን ለመለየት ብራፍ በሚባለው ጂን ላይ ያለውን ለውጥ የሚያሳይ አንቲቦዲ ይጨመራል፤ እሱ ካለ ውርስነቱ ይርቃል። ኤምኤስኤች2 ግን ሌላ ነው። እሱ ሲጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ከቤተሰብ የመጣ ነው። ሊንች ሲንድሮም ይባላል። ስለዚህ ጠየቅኩት።

«ከአባትህ ዘመዶች ካንሰር የያዘው ሰው ነበር?»

ዝም አለ። «አክስቴ አለች፣ የአባቴ ታናሽ እህት። በማህፀን ካንሰር ነው የሞተችው። እሱም ይቆጠራል እንዴ?»

ይቆጠራል። ሊንች ያለባቸው ሴቶች የማህፀን ሽፋን ካንሰር በጣም ያሰጋቸዋል። ብዙ ቤተሰብ «አንዱ በአንጀት፣ አንዷ በማህፀን» ብሎ ለየብቻ ያለቅሳል እንጂ አያገናኘውም። የተበላሸው ጂን ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ ነው፤ ለወንዱም ለሴቷም። በደም የጂን ምርመራ ቢገኝ ያለበትና የሌለበት ይለያል። ምርመራው ካልተገኘ ለሁሉም፣ ከተገኘም ጂኑ ላለበት ኮሎኖስኮፒ ነው፤ ከ20 እስከ 25 ዓመት ባለው ጊዜ ተጀምሮ በየአንድ ወይም ሁለት ዓመቱ። ዕጢው ገና ፖሊፕ፣ ማለትም ካንሰር ያልሆነ ትንሽ እብጠት፣ ሳለ ተቆርጦ ይወጣል። ይህን ሁሉ ሐኪሙ ወረቀት ላይ ጻፈላቸው።

«ከማን ልጀምር?» አለኝ ልጁ።

«ከአባትህ ወንድሞችና እህቶች። ከዚያ ከእናንተ።»

እሱና እህቱ ኮሎኖስኮፒውን አደረጉ። እህቱ ሁለት ትንንሽ ፖሊፖች ተገኝተውባት እዚያው ወጡ፤ ቁራጩን እኔው ነኝ የቆረጥኩት፣ ካንሰር የለበትም። ታናሽየው ገና ተማሪ ነው፣ ለክረምት ቀጠሮ ይዟል። ያስቸገሩት አጎታቸው ናቸው፤ ጅጅጋ ያሉት። ልጁ ሁለት ጊዜ ሄዶ ለመናቸው። ደም እንደሚያዩ አልካዱም። «እኔ እንኳ ያለብኝ ኪንታሮት ነው» ብለው መለሱት።